ከንፋስ ስልክ እስከ መሸጎጫ፦ "ፍላሽ" የሚል ቃል ስላጠፋው ማርክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡና የሚጠጣ ቡናውን ይዞ ያንብብ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ደግሞ ሰልፉ ይበቃዋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ የአንደኛው ሴሚስተር መዝጊያ ሰሞን ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጠራ። ከስድስት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ትንሽ ቢሮ ተከራይተው ሶፍትዌር ይሠራሉ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፍላሽ ማድረግ ማለት ምንድን ነው?" አለኝ።

"በሚሞሪ የተያዘውን ወደ ዲስክ ማፍሰስ ነዋ። ምነው?"

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "እኔም እንደዚያ ብለው ያስተማሩንን አስታውሼ ነበር" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የማርክ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተዋል። መምህራኑ ማርክ ሲያስገቡ ፕሮግራሙ እንዳይንቀራፈፍ ተብሎ ቁጥሩ መጀመሪያ በሚሞሪ ላይ ባለ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ይያዛል፤ ሌሊት ላይ ተሰብስቦ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ይገባል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ መምህራን ተቀምጠው ሲያስገቡ ዋሉ። ማታ መብራት ሊጠፋ ነው ተባለ። ልጁ ማሽኑን ከማጥፋቱ በፊት የዋለውን ሥራ ወደ ዳታቤዙ ሊያስገባ ፈለገና "ፍላሽ" የሚለውን ትእዛዝ ጻፈ። ሶፍትዌሩም የታዘዘውን በሚገባ ፈጸመ። በዚያ ሶፍትዌር ቋንቋ ፍላሽ ማለት ግን "ያለውን ሁሉ አጥፋ" ማለት ነበር።

አሥሩ መምህራን ማርክ ሊስታቸው ወረቀት ላይ ስለነበረ በማግስቱ እያጉረመረሙ ደግመው አስገቡ። አሥራ አንደኛዋ ግን በቀጥታ ከፈተና ወረቀት ላይ ነበር ያስገባችው፤ ወረቀቱን ደግሞ ለተማሪዎቹ መልሳለች። ሦስት ቀን ወረቀት ስትሰበስብ ከረመች። ወረቀቱን የጣለ ተማሪም አልጠፋ። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ከልጆቹ ጋር ውል አላደሰም።

እኔ ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ልጁ አልሰነፈም፤ አልተሳሳተምም ማለት ይቻላል። ያስተማርኩትን አስታውሶ ነው የሠራው። የተሳሳተው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ በትርፍ ጊዜዬ ይሄን የቃላት ነገር ወደ ኋላ ሄጄ ስቆፍር ቆየሁ። ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ለማያውቁት ሥራውን ላስረዳ። እዚህ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በርሜል እንሞላለን፣ ሮቶ ያለው ሮቶ ይሞላል። ግን ቡና ለማፍላት በርሜል ድረስ የሚሄድ የለም፤ ምድጃው አጠገብ አንዲት ጀሪካን ትቀመጣለች። ያቺ ጀሪካን ናት "ካሽ" የሚሏት። ዳታቤዙ በርሜሉ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ዝግ ይላል። ጀሪካኗ ትንሽ ናት፣ ቅርብ ናት፣ ፈጣን ናት። ልዩነቱ ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ከበርሜሉ ተቀንሶ የመጣ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ግልባጭ መሆኑ ነው። ዋናው እዚያው አለ። ችግር የሚመጣው ግልባጩና ዋናው ሲለያዩ ነው፤ ወይም እንደ ልጁ፣ ገና ዋናው ዘንድ ያልደረሰ ነገር ጀሪካኗ ውስጥ ሲኖር።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። ለአዲስ መሣሪያ ስም ማውጣት ለእኛ አዲስ ሥራ አይደለም። የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ የቴክኖሎጂ ቃል ነው። ንፋስ ስልክ!

ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ሲዘረጋ ሕዝቡ ያየው እንጨትና ሽቦ ነው። ስለዚህ ነገሩን ባየው ጠራው፦ ስልክ። ዛሬም ረጅም ሰው "የስልክ እንጨት" እንላለን። በኋላ ያለ ሽቦ፣ በአየር ላይ መልእክት የሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ሲመጣ ስም አስፈለገው። እንግሊዞች "ሽቦ አልባ" ብለው በሌለው ነገር ጠሩት። የእኛ ሰው "ንፋስ ስልክ" አለው። ሽቦው ንፋስ የሆነ። እኔ በበኩሌ ከእንግሊዝኛው የእኛ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ መልእክቱ በምን እንደሚሄድ ይነግራችኋላ። ያሳዝናል፣ ቃሉ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። በ1999 እ.ኤ.አ. የሞባይል አገልግሎት ሲጀመር ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣ ነበር? እኛ ግን "ሞባይል" አልን።

እዚያው ሰፈራችን ሌላም አለላችሁ። ጎተራ። የእህል ማከማቻዎቹ ከነበሩበት የመጣ ስም ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ተደራርቦ ሲሠራ "የጎተራ ማሳለጫ" ተባለ። ማሳለጫን አስተውሉልኝ። መንገዱ ምን እንደሚመስል አይናገርም፤ ምን እንደሚያደርግ ነው የሚናገረው። ሥራን የሚያሳልጥ። ከሳሪስ በታክሲ የሚመጣ ልጅ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰማም ይገባዋል። (መንገዱ እውነት ያሳልጣል ወይ ብላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዳትጠይቁኝ።)

ባቡርም እንደዚሁ ነው። ከውጭ የመጣ ቃል ቢሆንም ሕዝቡ ለእንፋሎትና ለሞተር ሥራ ሁሉ አዋለው፤ የእህል ወፍጮውም ባቡር ተባለ፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደው ደግሞ እንዲለይ "የምድር ባቡር"። አንድ ቃል ሁለት ነገር ላይ ሲውል ሰው እንዳይምታታ መለያ ጨመረለት ማለት ነው። ይቺን "መለያ መጨመር" የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ካሽ እንሂድ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መደበቅ ከሚል ግሥ የመጣ። በሰሜን አሜሪካ ጫካ ለጫካ ቆዳ የሚነግዱ ፈረንሳዮች ስንቃቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ይደብቁ ነበር፤ ያ ጉድጓድ ነው ካሽ። ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡን ሞሪስ ዊልክስ የተባለው እንግሊዛዊ በ1965 ሲጽፍ "ባሪያ ሚሞሪ" የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። አይቢኤም ደግሞ በ1968 ሲስተም 360 ሞዴል 85 የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ መሐንዲሶቹ "ባለ ከፍተኛ ፍጥነት በፈር" ብለው ጻፉ። የኩባንያው መጽሔት አርታኢ ስሙ አልጥም አለው፤ የተሻለ ቃል አምጡ አለ፤ ካሽ መጣ። ዓለም ሁሉ ዛሬ የሚጠቀምበት ቃል የመጣው ከአንድ አርታኢ ቅሬታ ነው። አርታኢዎችን አንናቅ።

ይሄን ሳነብ አያቴ የሚያወሩት ትዝ አለኝ። ገበሬው ወታደር ሊሰፍርበት ነው ሲባል እህሉን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብር ነበር። ከላይ አፈር አልብሶ፣ ጭድ በትኖበት። ያው ካሽ ማለት ነው! እኛም ዘንድ ነገሩ ነበረ፤ ቃሉን ብቻ ነው ያላገናኘነው።

አሁን ስልካችሁን በአማርኛ ያዘጋጃችሁ ሰዎች ካሽ በአማርኛ ምን እንደተባለ ታውቃላችሁ፦ መሸጎጫ። "የተሸጎጡ ምስሎች እና ፋይሎች" ይላል ብራውዘሩ። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ፤ ስቀን ነው የምንጀምረው ሁላችንም። ግን አስቡት። እናቶቻችን ብር መቀነታቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ፤ ደረሰኝ ጣሪያው ስር ይሸጎጣል። ቅርብ ቦታ፣ ለጊዜው፣ ስፈልገው ቶሎ እንዳገኘው። ፈረንሳይኛው የያዘውን "መደበቅ" ይዞ፣ ፈረንሳይኛው ያልያዘውን "ቅርብ" ጨምሮበታል። የተረጎመው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር።

ዳታቤዝም "የውሂብ ጎታ" ተብሏል። ውሂብ ወሀበ ከሚለው ግእዝ ነው፣ ሰጠ ማለት። ዳታ የሚለውም በላቲን "የተሰጠ" ማለት ነው፤ ሁለቱ ጥንታዊ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ተገናኙ። ጎታን ደግሞ ገጠር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤት ውስጥ በጭቃ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ።

ካሽ የሚለውን እንዳለ እንውሰደው የሚሉ አሉ። እኔም እል ነበር። አንድ ቀን ዐሥረኛ ክፍል "ካሽ ሚሞሪ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ "የባንክ ኮምፒውተር ላይ ያለ፣ ብር የሚመዘግብ ሚሞሪ" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን ትክክል ነበር። በፊደላችን ጥሬ ብሩም ካሽ ነው፣ ይሄኛውም ካሽ ነው። እንግሊዝኛው ቢያንስ በጽሕፈት ይለያቸዋል። እኛ ጋ ሲደርሱ ተቀላቀሉ።

ፍላሽ ላይማ ባሰ። ለአዲስ አበባ ልጅ ፍላሽ ማለት ኪሱ ውስጥ ያለችው ፋይል የሚያስቀምጥባት ዕቃ ናት። "በፍላሽ ስጠኝ" ይላል። ያ ልጅ "ፍላሽ" የሚል ትእዛዝ ሲያይ ጆሮው የለመደው "ማስቀመጥ" ነው፤ አስተማሪው ያለው ደግሞ "ማፍሰስ" ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉት።

ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪውስ ይድን ነበር? አይድንም። ይሄ ነው የገረመኝ። በሲ ቋንቋ ፍላሽ ማድረግ ማለት በሚሞሪ የተጠራቀመውን ወደ ፋይሉ መጻፍ ነው፤ እኔ የተማርኩት ይሄን ነው፣ ያስተማርኩትም ይሄን ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ የመብት ሰንጠረዥን ፍላሽ አድርግ ሲባል ደግሞ መብቶቹን እንደገና አንብብ ማለት ነው፤ መጻፍም ማጥፋትም አይደለም። ሜምካሽድ ላይ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራው ማለቴ ነው፣ ሁሉን ፍላሽ አድርግ ማለት ያሉትን ሁሉ ጊዜያቸው እንዳለፈ ቁጠራቸው ማለት ነው፤ ሚሞሪውን ወዲያው አያስለቅቅም። በ2009 የመጣው ሬዲስ ላይ ደግሞ ፍላሽኦል ማለት ቁልፎቹን በሙሉ አጥፋ ነው። አንድ ቃል፣ አራት ሥራ። ኔትስኬፕ ይሠራ የነበረው ፊል ካርልተን በኮምፒውተር ሳይንስ ከባዱ ነገር ሁለት ነው፣ መሸጎጫን መሻርና ስም ማውጣት ብሏል እየተባለ ይጠቀስለታል። ሰው እንደ ቀልድ ይደጋግመዋል። ለእኔ ግን የተማሪዬ ነገር የሁለቱ መገናኛ ላይ የደረሰ አደጋ ነው።

ጥንቃቄ ያደረጉም ነበሩ። ኢንቴል በ1989 እ.ኤ.አ. 486 የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ ለዚህ ሥራ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ሰጠው። አንደኛው መሸጎጫውን እንዳለ ይሽራል፤ ያልተጻፈ ነገር ካለ ይጠፋል። ሁለተኛው መጀመሪያ ያልተጻፈውን ወደ ዋናው ሚሞሪ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሽራል። ሁለተኛው ስሙ ላይ "መልሰህ ጻፍ" የሚል መለያ ተጨምሮበታል። የምድር ባቡር ብልሃት ማለት ነው። መለያዋ አንድ ቃል ናት፤ ሥራው ውስጥ ግን የመኖርና የመጥፋት ልዩነት አላት።

ወደ እኛ ልመለስ፤ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ላይ ማላከክ አልፈልግም። እኔ የመረጥኩት "ማፍሰስ" ራሱ ምን ማለት ነው? ጎተራ ውስጥ እህል ፈሰሰ ስንል ገባ ማለታችን ነው። ወተቱ ፈሰሰ ስንል ግን ጠፋ፣ ከሰረ ማለታችን ነው። መገልበጥንም ተመልከቱ። ጽሑፍ ገለበጠ ማለት ቀዳ፣ አባዛ ነው፤ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ማዛወርም መገልበጥ ነው፤ መኪና ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ነው። መቅዳትም ውሃም ይቀዳበታል፣ ጽሑፍም። ቅጂ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ውሃ ሲቀዳ ግን ከምንጩ ይቀንሳል፣ ጽሑፍ ሲቀዳ አይቀንስም። ቋንቋችን ድሃ አይደለም፤ እንዲያውም እነዚህ ግሦች በየቤቱ ስለሚሠሩ ሥራቸው በዝቶ ነው። የቤት ሰው ዐውዱን አይቶ ይለያል። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ዐውድ የለውም፤ ያለው አንድ ቁልፍና አንድ ቃል ነው።

ጎረቤቴ አሉ፣ እትዬ እላቸዋለሁ፣ የዕቁብ ዳኛ ናቸው። የከፈለና ያልከፈለ የሚጽፉት ስልካቸው ላይ ባለ የማስታወሻ መተግበሪያ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ይዘው መጡ።

"መምህር፣ ይሄ ስልክ ዝርዝሬን በላብኝ።"

"ምን ነክተው ነበር እትዬ?"

"ምንም! ሞልቷል ሞልቷል እያለ ሲነዘንዘኝ ልጄ፣ አጽዳ የሚለውን ነካሁለት። ቆሽሾ ነው ብዬ። ማጽዳት ነውር ነው?"

አየሁት። ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን፦ "መሸጎጫ አጽዳ" እና "ውሂብ አጽዳ"። የመጀመሪያውን ቢነኩ ምንም አይጎዱም ነበር። ሁለተኛውን ነው የነኩት። ሁለቱም ላይ ግሡ አንድ ነው። ለእትዬ ማጽዳት ማለት ምን እንደሆነ አስቡ፤ ቤት ሲጸዳ ዕቃው ቦታው ላይ ይቀራል፣ የሚወጣው ቆሻሻው ነው። "ቤቱን አጽጂው" ተብላ ሶፋውን አውጥታ የምትጥል ሠራተኛ የለችም። ስልኩ ያደረገው ግን እሱን ነው። ስሙ ላይ፣ መሸጎጫና ውሂብ ላይ፣ የደከመው ተርጓሚ ግሡ ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛውን ተከትሎ ሄደ። እንግሊዝኛውም ያው በሁለቱም ላይ አንድ ግሥ ነው የሚጠቀመው። ዕቁቡ በማስታወስና በመተማመን ተስተካከለ፤ አንዲት አባል ጋር ግን እስከ ዛሬ ቅሬታው አለ።

እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ቁም ነገር ለእኔ የተገለጠው። እኛ ለነገሮች ስም በማውጣት ጎበዞች ነን። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም ተቋቁሞ፣ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆኖ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ያ ትልቁ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታተመ። ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ማለት ነው። አንደኛ ደረጃ በአማርኛ የተማርን ሰዎች አፋችን ላይ ያሉትን ተመልከቱ፦ ሕዋስ፣ ቀመር፣ ክፍልፋይ፣ ቤተ ሙከራ፣ ብርሃን አስተጻምሮ። በደርግ ጊዜም ወዛደር፣ ርዕዮተ ዓለም፣ አድኅሪ ተባለ፤ ሬዲዮ ሌት ተቀን ስለደጋገመው ተለመደ። ሁሉም ስሞች ናቸው። ግሡ ግን "ማድረግ" ሆኖ ቀረ። ሴቭ ማድረግ፣ ዲሊት ማድረግ፣ ሪፍሬሽ ማድረግ፣ ፍላሽ ማድረግ። ማድረግ ብቻውን ደግሞ ምንም አይነግርም። ዕቃው ገባ? ወጣ? ቀረ? ለስሙ አካዳሚ ነበረው፤ ግሡን ለእኛ ለአስተማሪዎች ጣሉልን፤ እኛም እንደ እኔ በስሜት "ማፍሰስ" ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን።

እና ምን አደረግኩ? ቃል መምረጥ ጀመርኩ። መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ቃሉን የሰማ ልጅ "ከዚህ በኋላ ዳታው የት ነው?" ብለው መመለስ አለበት።

መጀመሪያ ፍላሽን ለሁለት ሰነጠቅኩት። ወደ ዋናው ጎታ የሚገባ ከሆነ "ማስረከብ" አልኩት። መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ርክክብን ያውቃል፤ የሚያስረክብ ካለ የሚረከብ አለ፣ ፊርማ አለ። "ለማን አስረከብክ?" ተብሎ ይጠየቃል። አየር ላይ የሚቀር ርክክብ የለም። የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ "ማጥፋት"፣ በግልጽ፣ ሳይለሳለስ። ገና ያልገባውን፣ እንግሊዝኛው "ቆሻሻ" የሚለውን ዳታ፣ "ያልተረከበ" አልኩት። ቆሻሻ ብትሉትማ እትዬ ያጸዱታል!

ቦታ ሲጠብ መሸጎጫው አንዳንዱን ያስወጣል። ይሄ "ማስለቀቅ" ነው። ተከራይ ለሆንን ሰዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም። የተለቀቀው ዕቃ አልጠፋም፣ ዋናው ቤተሰብ ጋ አለ፤ እዚህ ቦታ ብቻ ነው የሌለው። ብዙ ጊዜ የሚለቅቀው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሳይፈለግ የቆየው ነው።

የሚፈልጉትን መሸጎጫው ውስጥ ማግኘት እንግሊዝኛው "መምታት" ይለዋል፣ ማጣት ደግሞ "መሳት"። ኢላማ ተኩስ አስመስሎ። እኔ "ተገኘ" እና "ታጣ" ነው ያልኩት። ሱቅ ሄዶ ስኳር የጠየቀ ልጅ ይገባዋል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግልባጩን ሳያጠፉ ዋጋ የማሳጣቱ ነገር ነበር። ልጆቹ ከማጥፋት መለየት አልቻሉም። ከዚያ 2013 ዓ.ም መስከረም ትዝ አለኝ፣ ብር ሲቀየር። አዲሱ ኖት ወጣ፣ ለአሮጌው 3 ወር ተሰጠው። ሦስት ወሩ ካለቀ በኋላ ፍራሽ ስር የተገኘ አሮጌ መቶ ብር ምን ሆነ? አልጠፋም። እጃችሁ ላይ አለ፣ ቁጥሩም ይነበባል። ግን ባለሱቁ አይቀበላችሁም። ተሽሯል። "መሻር" ይሄ ነው አልኳቸው። ያቺ ሦስት ወር ደግሞ ዳታው ላይ የምንጽፈው የማለቂያ ጊዜ ናት። ክፍሉ ውስጥ "አሃ" የሚል ድምፅ ተሰማ። አስተማሪ የሆናችሁ ያን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ደሞዛችን አንዱ ክፍል እሱ ነው። አንዷ ልጅ ግን "ቲቸር፣ ቁስልም ሻረ ይባላል እኮ" አለችኝ። ልክ ናት። ቁስሉ ላይ "ሻረ" ነው፣ ሹመቱ ላይ "ተሻረ" ነው ብዬ መለስኩ፤ ነገር ግን ቃሉ ከእንከን የጸዳ አለመሆኑን አምኜ።

"ምን አደከመህ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራ ላይም እንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃቸው" የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጆቹ ትእዛዙን በአማርኛ አይጽፉም፤ እኔም ፈተና ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል ነው የምጠይቀው። ግን እንግሊዝኛው ራሱ በአራት ትርጉም የሚምታታ ከሆነ፣ ልጁ የሶፍትዌሩን መመሪያ ሲያነብ የሚጠይቀው ጥያቄ ጭንቅላቱ ውስጥ መኖር አለበት። "ይሄ ፍላሽ ማስረከብ ነው ወይስ ማጥፋት?" ያቺን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያስፈልጉታል። እኔ አንድ ብቻ ነበር የሰጠሁት።

ለልጁ ይሄን ሁሉ ባለፈው ክረምት ጀሞ አንድ ማኪያቶ ቤት ተቀምጠን ነገርኩት። ይቅርታም ጠየቅኩት። "ኧረ ቲቸር፣ መመሪያውን አለማንበቤ የእኔ ጥፋት ነው" አለኝ። ሁለታችንም ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ በሚል ተጓተትን፤ እሱ አሸነፈ።

ባለፈው ሳምንት የአዲሱን ፕሮግራማቸውን ፎቶ ላከልኝ። ሌላ ደንበኛ አግኝተዋል፣ ይመስገን። ከታች ሁለት ቁልፎች አሉ፣ ጎን ለጎን አይደሉም፣ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። አንደኛው አረንጓዴ፦ "ለጎታው አስረክብ"። ሁለተኛው ቀይ፦ "ከመሸጎጫው አጥፋ"፣ ከሥሩም በትንሽ ጽሑፍ "ያልተረከበ 214 ማርክ አለ" ይላል። ለእትዬም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና "ቀዩን አልነካም" አሉኝ።

"ማስለቀቅ" እና "መሻር" ከሚሉት የተሻለ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ገጠር ያደጋችሁ፣ የጎታና የጎተራ ቃላት ከእናንተ ነው የሚገኙት። ሰኞ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ይሄን ክፍል እንደገና አስተምራለሁና እስከዚያ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።